በእንስራ ላይ የተሣለችው ልዕልት፦ አፈ ታሪክና የዕለት ኑሮ በጥንት ግሪክ ሸክላና በጎንደር ግድግዳ

የጥንት ግሪክን ሥነ ጥበብ ለማስተማር የሚዘጋጁ ጽሑፎች ትምህርቱን አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ርእስ ይከፍሉታል። በአንደኛው ርእስ ሥር የአማልክትና የጀግኖች አፈ ታሪክ፣ በሁለተኛው ሥር ደግሞ የዕለት ኑሮ፣ ማለትም ግብዣው፣ ፈትሉ፣ የእጅ ሥራውና ውሃ ቀጂው ይቀርባል። አከፋፈሉ ለአስተማሪው ማስታወሻና ለፈተና ጥያቄ የሚመች መሆኑ አይካድም። ሥዕሎቹን ራሳቸውን ለማየት ግን እንቅፋት ሆኖ ይገኛል። የአቴና የሸክላ ሠዓሊ አፈ ታሪክን ለብቻ፣ ኑሮን ለብቻ አድርጎ አልሠራም፤ ሁለቱን የሠራው በአንድ ዕቃ ላይ፣ በአንድ ብሩሽ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ሥዕል ውስጥ ነው።

ይህን ክፍፍል መመርመር የሚያስፈልገው ለአቴና ሲባል ብቻ አይደለም። ከእነዚህ ሥዕሎች መካከል ጥቂቶቹ «ኢትዮጵያ» ተብሎ ስለሚጠራ አገር የተሣሉ ናቸው። በክፍል ውስጥ ሲነሡ የሚነገረው ግሪኮች ኢትዮጵያውያንን ምን ያህል ያከብሩ እንደነበር ነው። ሥዕሉ ቀርቦ ሲታይ የሚናገረው ግን ከዚህ የተለየ፣ ምናልባትም የበለጠ የሚጠቅም ነገር ነው። በላይ ጋይንት፣ ስሟ እንደሚናገረው ነፋስ በማይለያት በነፋስ መውጫ ከተማ ለሚያስተምር መምህር ደግሞ ጉዳዩ የሩቅ አይደለም፤ የአካባቢው ልጆች ከሥዕል ጋር የሚተዋወቁት ብዙውን ጊዜ ከመማሪያ መጽሐፍ አስቀድሞ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ነውና።

መነሻው ዕቃው ራሱ ቢሆን ይመረጣል። ዛሬ በየሙዚየሙ በመስተዋት ውስጥ ተቀምጠው የግሪክ ሥዕል የሚባሉት አብዛኞቹ ሥራዎች በግድግዳ ላይ ተሰቅለው እንዲታዩ የተሠሩ አልነበሩም። ወይን በውሃ የሚበረዝባቸው ማሰሮዎች፣ የሚጠጣባቸው ዋንጫዎች፣ ዘይት የሚያዝባቸው ብልቃጦች፣ ወይንና ዘይት የሚቀመጥባቸው ጋኖች ነበሩ። ከእነዚህ አንዱን ግሪኮች ሂድሪያ ይሉታል፤ ትክክለኛው የአማርኛ ስሙ እንስራ ነው። ሦስት ጆሮዎች አሉት፤ ሁለቱ ግራና ቀኝ ሆነው ለማንሻ፣ ሦስተኛው ከኋላ ቆሞ ለማንቆርቆሪያ ያገለግላሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ520 እስከ 500 ዓመት ባለው ጊዜ በአቴና በተሠሩ ብዙ እንስራዎች ላይ የተሣለው ራሱ ውሃ መቅዳት ነው። ሴቶች ወደ ምንጩ ቤት ይመጣሉ፤ በአንበሳ ራስ ቅርጽ ከተሠራው አፍ በሚወርደው ውሃ እንስራቸውን ይሞላሉ፤ ቆመው ይጫወታሉ፤ ይመለሳሉ። ሠዓሊው ባዶውን እንስራ በሴቲቱ ራስ ላይ በጎኑ ያጋድመዋል፤ የሞላውን ግን ያቆመዋል። ይህን አንድ ነገር ያስተዋለ ተማሪ ማን እየሄደች፣ ማን እየተመለሰች እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

የጋይንት ሴት እንስራዋን በገመድ አስራ በጀርባዋ ታዝላለች እንጂ በራሷ አትሸከምም። ዛሬማ ቢጫው ጀሪካን እንስራን ከብዙ ቤት አስወጥቶታል። እንዲያም ሆኖ ከወንዝ እስከ ደጅ ያለውን ዳገት በእግሩ የሚያውቅ ልጅ፣ ለዚህ ሥዕል ከማናቸውም የሙዚየም ጎብኚ ይልቅ የቀረበ ተመልካች ነው። መምህሩ «ሂድሪያ ማለት የግሪኮች የውሃ ዕቃ ነው» ብሎ በቃላት ዝርዝር ሲያልፈው፣ ልጁ ይዞት የመጣውን ዕውቀት ከክፍሉ ደጅ አስቀርቶ ማለፉ ነው።

በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የሚገኘው፣ አማሲስ ሠዓሊ እየተባለ ለሚጠራው እጅ የተሰጠውና ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ550 እስከ 530 ዓመት ባለው ጊዜ የተሠራው የዘይት ዕቃም እንዲሁ ነው። ቁመቱ 17 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በዚህች ጠባብ ዙሪያ ላይ ሴቶች ሱፍ ይመዝናሉ፣ ይፈትላሉ፣ በቆመ መሸመኛ ፊት ቆመው ይሸምናሉ፣ የተጠናቀቀውን ጨርቅ ያጥፋሉ። በኢትዮጵያ ደጋ ፈትሉ የሴት፣ ሽመናው የወንድ ሥራ ሆኖ ኖሯል፤ ሸማኔውም እግሩን በጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ ተቀምጦ ይሠራል እንጂ አይቆምም። ሁለቱ ልማዶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ተማሪው የሥራ ክፍፍል ከአገር አገር እንደሚለይ በዐይኑ ያያል። ለዚህ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም።

የሁለቱ ርእሶች ክፍፍል ፈጽሞ የሚፈርሰው ግን በበርሊን በሚገኘው የነሐስ አንጥረኞች ዋንጫ ላይ ነው። ዋንጫው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ490 እና በ480 ዓመት መካከል የተሠራ ነው። በውጪው ገጽ አንጥረኞች በሥራ ላይ ናቸው፤ እሳት ይቆሰቆሳል፤ መዶሻና መጋዝ በግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ገና ያልተገጠመ የነሐስ ሐውልት መሬት ላይ ተጋድሟል፤ የተቆረጠ የሚመስለው ራሱም አጠገቡ ወድቋል። ጠጪው ወይኑን ጨርሶ የዋንጫውን ውስጥ ሲመለከት ደግሞ ሄፋይስጦስን ያገኛል። የእሳትና የብረት ሥራ አምላክ የሆነው ሄፋይስጦስ ለአኪሌዎስ እናት ለቴቲስ የልጇን የጦር ዕቃ ያስረክባል። ታዲያ ይህ ዋንጫ በየትኛው ርእስ ሥር ይመደብ? በአፈ ታሪክ ቢባል ውጪው ይቀራል፤ በዕለት ኑሮ ቢባል ውስጡ ይቀራል። ሠዓሊው የፈለገው ሁለቱ አብረው እንዲታዩ ነው፤ የአምላኩ ሥራና የላብ ሥራ በአንድ ዕቃ የተያያዙ ናቸውና።

በቤጌምድር ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ሳይንቋቸው ያልቀረ፣ «ቡዳ» እየተባሉ የተጠሉበት ዘመን ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም። ማረሻውን የሚሠራለትን ሰው አራሹ ፈርቶት ኖሯል። ግሪኮችም ቢሆኑ ከዚህ ነጻ አልነበሩም፤ ሄፋይስጦስን አንካሳ አድርገውታል፤ በሆሜር ኢልያድም ውስጥ አማልክቱ በአረማመዱ ይስቁበታል። ሆኖም ከአማልክት መካከል አስቀምጠውታል። ከነፋስ መውጫ ወደ ምዕራብ በሚወስደው መንገድ በደብረ ታቦር አቅራቢያ ጋፋት ይገኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ መድፎቻቸውን ያሠሩት፣ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል የሚባለው ሴባስቶፖልም የተቀለጠው በዚያ ነው። መድፉ እ.ኤ.አ. በ1867 እና በ1868 በሰው ጉልበት እየተጎተተ ወደ መቅደላ የተጓዘው በዚሁ በጋይንት በኩል ነበር። የበርሊኑን ዋንጫ በነፋስ መውጫ ክፍል ውስጥ ለማስተማር የሚፈልግ መምህር ከዚህ የተሻለ መግቢያ አያጣም።

ከአቴና ሠዓሊዎች ሁሉ ኤክሴኪያስ ለዚህ ጉዳይ የበለጠ ማስረጃ ይሰጣል። በቫቲካን በሚገኘውና ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ540 እስከ 530 ዓመት ባለው ጊዜ በተሠራው ጋን ላይ አኪሌዎስና አያስ በትሮይ ጦርነት መካከል ጋሻቸውን ከኋላቸው አስደግፈው፣ ጦራቸውን በእጃቸው እንደያዙ፣ ጎንበስ ብለው ይጫወታሉ። ከአንደበታቸው የወጣው የጨዋታ ቁጥር በሥዕሉ ላይ ተጽፏል፤ አኪሌዎስ አራት፣ አያስ ሦስት ይላል። የሁለቱን ጀግኖች መጨረሻ የሚያውቅ ተመልካች ከጨዋታው በስተጀርባ ሞት መቀመጡን ይረዳል። የገበጣ ጨዋታ የሚያውቅ ልጅም ቢሆን ከእነርሱ ጎንበስ ማለት ብዙ ይረዳል፤ ተሸናፊው ማን እንደሆነ ሳይጠየቅ ይናገራል። በጋኑ ሌላ ገጽ መንትዮቹ ካስቶርና ፖሊዴውኬስ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ይታያሉ፤ ውሻ ይዘልባቸዋል፤ አንድ ልጅ መቀመጫ ይዞ ይጠብቃል። ከስማቸው በቀር ከአንድ የአቴና ባላባት ቤት ምሽት የሚለየው ነገር የለም።

ለዚሁ ለኤክሴኪያስ የተሰጠ፣ በለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኝ ሌላ ጋን ወደ ዋናው ጉዳይ ያደርሳል። በአንድ ገጹ ላይ ሜምኖን ቆሟል። ሜምኖን በግሪኮች አፈ ታሪክ የንጋት አምላክ የሆነችው የኤዎስ ልጅና የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ነው፤ ትሮይን ሊረዳ ዘምቶ በአኪሌዎስ እጅ ይወድቃል። ስለ እርሱ የተደረሰው «አይቲዮፒስ» የተባለ ግጥም ጠፍቷል፤ ሥዕሎቹ ግን ቀርተዋል። ፓሪስ በሉቭር ሙዚየም ባለው የዱሪስ ዋንጫ ላይ ኤዎስ የልጇን ሬሳ በክንዷ ታቅፋ ትታያለች፤ ይህን ሥዕል ያየ ክርስቲያን ሁሉ የእመቤታችንን ኀዘን ማስታወሱ አይቀርም። ወደ ለንደኑ ጋን እንመለስ ቢባል፣ ሜምኖን በሁለት አጃቢዎች መካከል ቆሟል። የጦር ልብሱ ፍጹም የግሪክ ነው፤ መልኩም ከአኪሌዎስ መልክ አይለይም። አጃቢዎቹ ግን ሌላ ሰዎች ናቸው፤ አፍንጫቸው ደፍጠጥ፣ ከንፈራቸው ሞላ፣ ፀጉራቸው ጥቅጥቅ ያለ ነው። ለአንዱ «አማሲስ» የሚል የግብፅ ስም ተጽፎለታል። ኤክሴኪያስ ይህን የጻፈው አማሲስ በተባለው የሙያ ተፎካካሪው ላይ ለመቀለድ ይሆናል የሚሉ ሊቃውንት አሉ።

እዚህ ላይ ስለ ቀለም አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚፈጠረው በዚህ ነውና። በዚያ ዘመን በነበረው የጥቁር ምስል አሠራር ወንዶች ሁሉ በጥቁር፣ ሴቶች ደግሞ በነጭ ይሣሉ ነበር። አኪሌዎስም ጥቁር ነው፤ ሜምኖንም ጥቁር ነው፤ የአቴና ዓሣ ሻጭም ጥቁር ነው። ስለዚህ «ጥቁር ስለተሣለ ኢትዮጵያዊ ነው» ማለት አይቻልም። ሠዓሊው ኢትዮጵያዊን ለመለየት የቀረው መንገድ የፊት ቅርጽና የፀጉር አሣሣል ብቻ ነበር። ይህን መንገድ ለአጃቢዎቹ ተጠቀመበት፤ ለንጉሡ አልተጠቀመበትም።

መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ450 ዓመት ግድም፣ ይኸው አሠራር በአንድሮሜዳ ሥዕል ላይ በይበልጥ ግልጽ ሆኖ ይታያል። ታሪኩ አጭር ነው። የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ ሚስት ካሲዮፔያ በውበት ከባሕር ልዕልቶች እበልጣለሁ ብላ ትመካለች። የባሕሩ አምላክ ተቆጥቶ አውሬ ይሰዳል። አገሩ እንዲድን ልጇ አንድሮሜዳ ታስራ ለአውሬው እንድትሰጥ ይፈረዳል። ክንፍ ባለው ጫማ በአየር ሲያልፍ የነበረው ፔርሴዎስ አይቷት አውሬውን ገድሎ ያገባታል። ሶፎክሌስ በዚህ ታሪክ ላይ ተውኔት ደርሶ ነበር፤ ተውኔቱ ጠፍቷል፤ ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን የተሠሩት ሥዕሎች ከእርሱ ጋር ዝምድና እንዳላቸው ብዙዎች ያምናሉ። ከሥዕሎቹ አንዱ በለንደን፣ ሌላው በቦስተን ይገኛል። የለንደኑ በእንስራ ላይ የተሣለ ነው።

የለንደኑ ሠዓሊ የመረጠው ቅጽበት የሚያስገርም ነው። አውሬውን አልሣለም፤ ፔርሴዎስም ገና አልተዋጋም። የሣለው ዝግጅቱን ነው። ልዕልቲቱን በግራና በቀኝ ደግፈው ያመጧታል። አገልጋዮች የምትታሰርበትን እንጨት ለመትከል ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ሌሎቹም ለሙሽራ ወይም ለሟች እንደሚደረገው ሁሉ ዕቃ ይዘውላት ይመጣሉ። የቦስተኑ ሠዓሊ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ይሣላል፤ እንጨቱ ተተክሏል፤ አሁን እጇን እያሰሩ ናቸው። አንድሮሜዳ በሁለቱም ላይ የምሥራቅ ሰው የሚባለውን፣ ግሪኮች ከፋርስ ያዩትን ጌጠኛ ልብስና ባርኔጣ ለብሳለች። ፊቷ ግን የአቴና ልጃገረድ ፊት ነው። አገልጋዮቹ እንደ ሜምኖን አጃቢዎች ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ የፀጉራቸው ጥቅል፣ የግንባራቸውና የአገጫቸው መስመር በጥንቃቄ ተጠንቷል።

በዚህ ዘመን አሠራሩ ተገልብጦ ዳራው ጠቁሮ ሰዎቹ በሸክላው በራሱ ቀይ ቀለም ቀርተዋል። ስለዚህ ልዕልቲቱና አገልጋዮቿ የአንድ ሸክላ ቀለም አላቸው። ልዩነቱን የሠራው ቀለም ሳይሆን የሠዓሊው ዐይን ነው። ዐይኑም የት እንዳረፈ ያለ ጥርጥር ይታያል። አፈ ታሪኩን የተሸከመችው ሴት ያገኘችው ልብስ ብቻ ነው፤ ከመድረክ ተውሳ የለበሰችው ይመስላል። በደንብ የታዩት የሚቆፍሩት፣ የሚያስሩትና የሚሸከሙት ሰዎች ናቸው። ወገባቸው እንዴት እንደሚታጠፍ፣ እጃቸው መሣሪያውን እንዴት እንደሚጨብጥ ሠዓሊው ያውቃል። እነርሱን የሚመስሉ ሰዎች በአቴና ወደብ ወይም በግብፅ አይቶ ሊሆን ይችላል፤ የግሪክ ቅጥረኛ ወታደሮች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ593 ዓመት ገደማ ወደ ኩሽ ከዘመተ የግብፅ ሠራዊት ጋር ተጉዘው ስማቸውን በአቡ ሲምበል ሐውልት እግር ላይ ቀርጸው ነበርና።

ታዲያ ይህ ሥዕል ኢትዮጵያን ያከበረ ነው ወይስ ያዋረደ? ጥያቄው በክፍል ውስጥ በዚህ መልክ ሲነሣ ሁለት መልሶች ብቻ ይጠብቁታል፤ ሁለቱም ሥዕሉን ሳያዩ የሚሰጡ ናቸው። የመጀመሪያው ሆሜርን ይጠራል፤ አማልክቱ ለግብዣ ወደ ኢትዮጵያውያን እንደሚሄዱ ይናገራል፤ በዚያው ይረካል። ሁለተኛው አገልጋዮቹን ብቻ አይቶ ይቆጣል። የመጀመሪያው መልስ ከሁሉ አስቀድሞ የቃሉን ትርጉም ይዘላል። ለግሪኮች «ኢትዮጵያዊ» ማለት ፊቱ በፀሐይ የተቃጠለ ማለት ሲሆን፣ ስሙ በይበልጥ ከግብፅ በስተደቡብ ያሉትን የኑቢያና የመሮዌ ሰዎች፣ አንዳንዴም በምሥራቅ ያሉትን የሚያመለክት ነበር። የአክሱም ነገሥታት ይህን ስም ለራሳቸው ሲጠቀሙበት የሚታየው ብዙ ዘመን ቆይቶ ነው፤ በአራተኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በኋላ በቆመው የንጉሥ ኤዛና ጽሑፍ ላይ ግእዙ «ሐበሠት» ያለውን ጽርዑ «ኢትዮጵያውያን» ይለዋል። ስለዚህ ኬፌዎስን የጋይንት ወይም የአክሱም ንጉሥ አድርጎ ማስተማር ታሪክ አይደለም። የሚያኮራ ነገር የሚፈልግ ካለ ከአንድሮሜዳ ይልቅ ዞስካሌስ ይበልጣል፤ በአንደኛው መቶ ዓመት የቀይ ባሕርን ንግድ የመዘገበው የግሪክ መርከበኛ ይህ የአካባቢው ገዥ የግሪክን ፊደል የሚያውቅ እንደነበር ጽፏልና። በዚያ ጊዜ ማን ማንን ያነብ እንደነበር ግልጽ ነው።

ቁጣውም ቢሆን ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። ሠዓሊው ንግሥናን ለግሪክ መልክ፣ ጉልበትን ለኢትዮጵያዊ መልክ ማከፋፈሉ እውነት ነው፤ ይህም ሳይሸፈን ለተማሪው ሊነገረው ይገባል። ነገር ግን በዚሁ አከፋፈል ምክንያት በሥዕሉ ውስጥ ሕያው ሆነው የቀሩት ያልተከበሩት ናቸው። አንድሮሜዳን አንሥቶ ሌላ የቲያትር ልዕልት ቢያስቀምጡ ሥዕሉ አይናጋም። ቆፋሪዎቹ ቢነሡ ግን የሚቀረው ባዶ እንስራ ነው።

የግሪኩን ሠዓሊ ለመገምገም የተነሣ መምህር ያንኑ ሚዛን ወደ ጎንደር ግድግዳ ሊያመጣው ይገባል። ለዚህ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል የተሻለ አይገኝም። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ደራጎኑን ይወጋል፤ ለደራጎኑ የተሰጠችው ብሩታዊት ብዙ ጊዜ ዛፍ ላይ ወጥታ ትታያለች። ልዕልት፣ አውሬ፣ በድንገት የሚደርስ አዳኝ፤ የፔርሴዎስ ታሪክ ቅርጽ ነው። ከዚህም በላይ የጥንት ጸሐፊዎች የአንድሮሜዳ ሰንሰለት ይታይበት ነበር የሚሏት ኢዮጴ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ መቃብር ካለባት ከልዳ ሩቅ አይደለችም። ሁለቱ ታሪኮች ሥር ይጋራሉ የሚሉ ተመራማሪዎች ያሏቸው በዚህ ምክንያት ነው። የአንዱ ክብር ከሌላው ጋር የሚነጻጸር ባይሆንም፣ የሥዕል ቅርጽ ከአገር ወደ አገር እንዴት እንደሚሄድ ለማሳየት ማስረጃው በቂ ነው።

ነገር ግን የጎንደር ሠዓሊ በተቀበለው ታሪክ ውስጥ ምን አስገባ? እግሩን ማየት ይበቃል። ቅዱሱ ባዶ እግሩን ነው፤ እርካቡንም የያዘው በአውራ ጣቱና በተከታዩ ጣት መካከል ነው። ይህ የሀበሻ ፈረሰኛ አቀማመጥ እንጂ የቤይሩት ወይም የሮም አይደለም። የፈረሱን ጌጥ፣ የሸማውን ጥለት፣ የጦሩን አያያዝ ሠዓሊው ከመጽሐፍ አላገኘውም። የጎንደር ሠዓሊዎች የውጭ ሥዕል ያውቁ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1590 እና በ1591 በሮም የታተመው የዐረብኛ ወንጌል የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች ለሕማማት ሥዕሎቻቸው አርአያ እንደሆኑ ተረጋግጧል። ይሁን እንጂ የወሰዱትን ሁሉ በአገሩ ልብስና ዕቃ አልብሰው መልሰውታል። ዘግየት ባሉት ሥዕሎች የፈርዖን ሠራዊት በኤርትራ ባሕር ሲሰጥም ጠመንጃ ይዞ የሚታይበት ቦታ አለ። ይህን ያዩ የውጭ ሰዎች ስሕተት ነው ብለው ይስቁ ይሆናል። ስሕተት አይደለም፤ የዘመኑ ሠራዊት የሚያዘው እርሱን ነበር። አቴናዊው ሜምኖንን የአቴና ጥሩር ሲያለብሰው ያደረገውም ይህንኑ ነው።

የጎንደሩ ሠዓሊ ግን ያለ ነቀፋ አይታለፍም። በእርሱ ሥርዓት ጻድቅ ፊቱን መልሶ በሁለት ዐይኖቹ ይመለከታል፤ ክፉው፣ ገዳዩና ከሐዲው ከጎን በአንድ ዐይን ይታያል። ይህ ሥርዓት ጥበብ ያለበት ነው፤ ማንበብ የማይችል ሰው ማን ወዳጅ፣ ማን ጠላት እንደሆነ በአንድ አፍታ ያውቅበታል። በኋላ በዐድዋ ጦርነት ሥዕሎች ላይ ኢትዮጵያውያኑ ፊት ለፊት፣ ጣልያኖቹ በጎን የተሣሉት በዚሁ ልማድ ነው። አስቸጋሪው ሌላው ልማድ ነው። ሰይጣን ብዙ ጊዜ በጠቆረ ቀለም ይሣላል። ቅዱሳኑ ግን የቀይ ዳማ ናቸው። በአቴና ሸክላ ላይ ቀለም ማንንም የማይለይ ሆኖ ሲገኝ፣ በገዛ አገር ግድግዳ ላይ ቀለም ክፉና ደጉን ይለያል። የግሪኩ ሥዕል ኢትዮጵያዊን አገልጋይ አደረገ ብሎ በጧት ክፍለ ጊዜ የተቆጣ መምህር፣ «የኛስ ሰይጣን ለምን ጠቆረ?» ብሎ ለሚጠይቀው ልጅ ከሰዓት በኋላ መልስ ሊኖረው ይገባል። የጨለማ ምሳሌ ነው ብሎ ማስረዳት ይቻላል፤ ማብራሪያውም ከቤተ ክርስቲያን አስተምህሮ የራቀ አይደለም። ጥያቄውን እንደ ድፍረት ቆጥሮ ማስቀመጥ ግን ለሥዕሉም፣ ለሃይማኖቱም፣ ለልጁም አይጠቅምም።

የጋይንት አካባቢ ለዚህ ዓይነት ጥናት ከሚታሰበው በላይ የታደለ ነው። በድጓ ምስክርነቷ በመላው አገሪቱ የምትታወቀው ቤተልሔም የምትገኘው በዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ቶማስ ፓክናም የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ ወደዚያ ሄዶ፣ ከውጪ እንደ ማንኛውም ክብ የገጠር ቤተ ክርስቲያን የምትታየው ሕንፃ በሣር ክዳኗ ሥር አራት ማዕዘን የሆነ፣ በመካከለኛው ዘመን የታነጸ ቤተ ክርስቲያን እንደያዘች አይቶ በ1959 ባወጣው መጽሐፉ ጽፏል። የአካባቢው ካህናትና ደቀ መዛሙርት ለዘመናት ሲያገለግሉበት የኖሩትን ሕንፃ «አገኘ» መባሉ ትንሽ ያስቃል። ቢሆንም ከውጪ የሚታየው ክብ ግድግዳ ሰውን ምን ያህል እንደሚያዘናጋ ያስረዳል።

አሁን ያለው ችግር የማየት ብቻ ሳይሆን የመጥፋትም ነው። በጨርቅ ላይ ተሥሎ በግድግዳ የተለጠፈው ያረጀ ሥዕል በዝናብ ሲጎዳ፣ ምእመኑ በቅን ልቡ ገንዘብ አዋጥቶ በሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም እንዲታደስ ወይም በወረቀት በታተመ የውጭ ሥዕል እንዲተካ ያደርጋል። በታተመው ሥዕል ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ጫማ አጥልቆ በብረት እርካብ ላይ ቆሟል። የጎንደሩ ሠዓሊ ከብቸኛው ምስክሩ፣ ከገዛ ዐይኑ፣ ያስገባው የእግር ጣት ከሥዕሉ የሚወጣው እንዲህ ባለ መንገድ ነው። ለግሪክ ሸክላ በየሙዚየሙ መስተዋት ሲሠራ፣ ለዚህኛው መዝገብ እንኳ ያልተያዘለት ቦታ ብዙ ነው። የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪዎች ለልምምድ ወደየወረዳው ሲሰማሩ የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅደው፣ በየሥዕሉ ላይ ያለውን ልብስ፣ የቤት ዕቃና የጦር መሣሪያ እየዘረዘሩ ቢጽፉ፣ ከብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚበልጥ ሥራ ይሆናል።

ትምህርቱ በክፍል ሲሰጥ ለሥዕሎቹ አመራረጥም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የለንደኑ እንስራ ሥዕል የዕቃውን ሆድ ተከትሎ ይዞራል እንጂ በአንድ ገጽ ላይ አያልቅም። ከፊት ለፊት በተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ላይ በመካከል የምትገኘው ልዕልቲቱ ከነደጋፊዎቿ ናት። በዳር ያሉት ቆፋሪዎችና ዕቃ ያዦች ከክቡ ጋር አብረው ይዞሩና ከፎቶግራፉ ይቀራሉ። ስለዚህ ለመማሪያ መጽሐፍ የሚመረጠው ዙሪያውን ገልጦ የሚያሳየው፣ በእጅ የተገለበጠው የመስመር ሥዕል ቢሆን ይሻላል። እርሱም ካልተገኘ መምህሩ ከነፋስ መውጫ ገበያ አንድ እንስራ ገዝቶ ጠረጴዛው ላይ ያቁመውና፣ ልዕልቲቱ የቆመችበትን፣ ጉድጓዱ የሚቆፈርበትንና ዕቃው የሚመጣበትን ቦታ ተማሪዎቹ ራሳቸው እየዞሩ በከሰል ያመልክቱበት።